የዲዳው ዳገት ሩጫ

ሌላው አገር ጋኔን የሚፈራው በጨለማ ነው። የሳንታ ሩፊና ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። በዚያች የፖርቶ ሪኮ ከተማ የሚፈራው ቀትር ነው፤ ቀትር የሚሉትም ፀሐይ እስክትበርድ ያለውን ሰዓት ሁሉ ነው፤ በተለይ ጥላ ከእግር ሥር ገብቶ ሲሸሸግ፣ ውሻ መጮህ ሲያቅተው፣ የሸንኮራ አገዳው ቅጠል ቀጥ ብሎ ሲቆም። በዚያ ሰዓት የዲዳውን ዳገት ብቻውን የሚወጣ ሰው ወይ እብድ ነው፣ ወይ ዶን ኡልፒያኖ ሴዴኞ ነው። በሁለቱ መካከል ያን ያህል ልዩነት የለም የሚሉም አሉ፤ በፊታቸው ግን አይሉም።

ዶን ኡልፒያኖ የማራቶኑ አባት ነበሩ። በየዓመቱ በቅድስት ሩፊና በዓል የሚሮጠው አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር በእሳቸው ቃል ይነሳል፣ በእሳቸው ቃል ያበቃል። ሩጫው ከአደባባዩ ተነስቶ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፣ ባሕር ዳሩን ይዞ ይሄዳል፣ የአገዳውን እርሻ ይዞራል፤ መጨረሻ ላይ፣ የሰው ጉልበት ሲከዳው፣ የዲዳውን ዳገት ወጥቶ ወደ አደባባዩ ይመለሳል። የሚጀመረው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ቅዳሴው አልቆ፣ የቅድስቲቱ ምስል ከተማውን ዞራ ከገባች በኋላ። ሽማግሌው ሁለት ሕግ ነበራቸው። በዳገቱ ላይ ለሯጭ ውሃ አይሰጥም። ደግሞም የመጨረሻው ሯጭ ሳይገባ የመድረሻው ነጭ ጥብጣብ አይወርድም፤ ቢዘንብም፣ ቢመሽም፣ ሰውየው እየዳኸ ቢመጣም ሁለት ሰው ጥብጣቡን ግራና ቀኝ ይዞ ይጠብቀዋል። በዚህ በኋለኛው ሕግ ከተማው ሁሉ ይወዳቸዋል። የፊተኛው ሕግ ግን ብዙ ሰው ጎድቷል፤ እሳቸውም፣ ከተማውም ይህን አላወቁም።

በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እንደ ልማዳቸው መንገዱን ሊያዩ፣ ሩጫው በሚደርስበት በዚያው በሚፋጅ ሰዓት ዳገቱን ተያያዙት። ዳገቱ ኮረብታውን ሰንጥቆ የሚያልፍ ነው፤ ግራው ድንጋይ፣ ቀኙ ድንጋይ፣ ላዩ ሰማይ። ስንጥቁ ውስጥ እንደገቡ እንደ ሁልጊዜው ከኋላቸው የእግር ኮቴ ሰሙ። ቀስ አሉ፤ ቀስ አለ። ቆሙ፤ ቆመ። ዶን ኡልፒያኖ አልዞሩም። በዚህ ዳገት የሚዞር ሰው የለም። «ከቀትር ጋኔን ሰውረኝ» ብለው የዳዊቱን ቃል በከንፈራቸው እያነበነቡ ወደ መታጠፊያው ወጡ።

መታጠፊያው ላይ አንድ ሰው በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ጥቁር ጃንጥላ ይዟል። ፊቱ አይታይም። ጃንጥላ ባልያዘው እጁ አንድ ነገር በአየር ላይ ያሽከረክራል፤ ነገሩም እንደ ንብ እምምም ይላል። ሽማግሌው አማተቡ።

«በስመ አብ! ሰው ከሆንክ ተናገር! ሰው ካልሆንክም የመጣህበት ይውሰድህ!»

ጃንጥላው ቀና አለ። «ኧረ እኔ ነኝ፣ የክርስትና አባቴ! ይባርኩኝ!»

«እግዚአብሔር ይባርክሽ፤ ግን ይቅር አይበልሽ! ሚግዳልያ! ልቤን እኮ ከአፌ አወጣሽው! በቀትር እዚህ የሚቀመጥ ምን የቆረጠው ሰው ነው?»

«እርስዎስ በቀትር ምን ሊሠሩ ወጡ?»

«እኔማ ሽማግሌ ነኝ፤ ቢወስደኝም አይጠቀምብኝም።» ዶን ኡልፒያኖ ላባቸውን በመሐረብ ጠረጉና ነገሩን በጥርጣሬ ዓይን አዩት። ሁለት የመስታወት ዘንግ በአንድ እጀታ ላይ ታስሯል፤ አንደኛው ጫፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል። «ምንድን ነው የምታሽከረክሪው? አባትሽ ወገቡ እስኪጎብጥ አገዳ ቆርጦ ያስተማረሽ ጥንቆላ ነው?»

ሚግዳልያ ሳቀች። ይህች ልጅ ዶን ኡልፒያኖ ክርስትና ያነሷት ናት፤ የአየርን ጠባይ ተምራ በዋናው ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ስለ ነፋስና ዝናብ ትናገራለች። «የሙቀት መለኪያ ነው። አንዱ ደረቁን ሙቀት ይለካል፣ ሌላው ላብ የለበሰ ሰው የሚሰማውን። እዚህ ሁለቱ እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ይህን ስለካ ደነገጥኩ። ደግነቱ መጡልኝ፤ ቤትዎ ልመጣ ነበር።»

«ለምን?»

«ሩጫው ጎህ ሲቀድ እንዲጀመር። እዚህ መታጠፊያ ላይም ውሃ እንዲቀመጥ።»

ሽማግሌው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ተቀመጡ፤ ነገሩ የሚያስቀምጥ ነበር። የተማረ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው የጎደለውን ነው። የተማረው ነገር ጥሩ ቢሆንም አነጋገሩን ካላወቀበት ገና በሩ ላይ ነው የሚባረረው። ሚግዳልያ ይህን አላጣችውም፤ ጃንጥላዋን ለሽማግሌው ይዛ ጠበቀች።

«ስሚ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ሩጫው በቅድስቲቱ ሰዓት ነው የሚነሳው። ውሃ ያልሽውም አይሆንም። ገላው እሳት የሆነ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ቢጠጣ ምን ይሆናል? ፓስሞ! ምች ይመታዋል። አፉ ይጣመማል፣ ጡንቻው ይታሰራል። እናትሽ ልብስ ተኩሳ እጇን የማትታጠበው ለምን ሆነና?»

«እናቴ ትፈራለች። እኔ ግን ተኩሼ ታጥቤያለሁ፤ አፌ ተጣመመ?»

«አፍሽማ ድሮም ቀጥ ብሎ አያውቅም!»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸው ድንጋዩን መትቶ ተመለሰና ከሁለት የሚበልጥ ሰው ሳቅ መሰለ። 

«ልብስ ካነሱማ ልጠይቅዎ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ አየሩ ወበቅ ሲሆን፣ የተሰጣ ልብስ ይደርቃል?»

«አይደርቅም። ይሸታል።»

«ፀሐይ እያለም?»

«ፀሐይ እያለም።»

«ላብም እንደዚያው ነው። ገላን የሚያቀዘቅዘው መውጣቱ አይደለም፣ መድረቁ ነው። አየሩ ራሱ ውሃ ጠግቦ ከቆመ ላቡ የት ይሂድ? ይንጠባጠባል እንጂ አይደርቅም። ሯጩ በገዛ ሙቀቱ ይቀቀላል። ደግሞ ነፋሱን ያስቡት። የባሕሩ ነፋስ መቼ ነው የሚነሳው?»

«ከረፋድ በኋላ ነዋ። ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ያውቃል።»

«ሩጫው በሰባት ሰዓት ሲነሳ እንግዲህ ነፋሱ ባሕር ዳር ላይ ፊት ለፊት ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ጉልበታቸውን እዚያ ይቀማቸዋል። ከዚያ ወደዚህ ስንጥቅ ሲገቡ፣ ነፋስ ባስፈለገ ጊዜ፣ አንዲት ትንፋሽ የለም።»

«በማያስፈልግበት ይገኛል፣ በሚያስፈልግበት ይጠፋል። ልክ እንደ ከንቲባችን» አሉ ዶን ኡልፒያኖ። ቀልዱ አምልጧቸው ነው እንጂ መቀለድ አልፈለጉም። «ቢሆንም እኛ ሮጠናል። ያሁን ልጆች ሰነፋችሁ። የኔው የልጅ ልጅ ኤሊየሰር አምና ምን ይዞ ገባ? ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ! እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ! በእሱ ዕድሜ እኔ ብሆን አፍር ነበር። ነገርኩትም።»

«በጥር ተራራ ላይ ባለችው ከተማ ሮጦ በስንት ገባ?»

ሽማግሌው ጢማቸውን አሹ። «ሁለት ሰዓት ከሠላሳ።»

«እግሩን ቀየረ?»

«እዚያ የዲዳው ዳገት የለማ!»

«እዚያ ቀትር የለማ! እዚያ ብርድ ነው፣ ጥላ ነው፣ መንገዱም ቁልቁለት ይበዛዋል። የክርስትና አባቴ፣ ሰዓት አይዋሽም፤ ግን የእግርን ብቻ አይናገርም። ዳገቱንም፣ ነፋሱንም፣ ፀሐዩንም አንድ ላይ ደምሮ ነው የሚነግርዎ። እርስዎ ድምሩን ሰሙና ልጁን ሰደቡት።»

ይህ ነገር ሽማግሌውን ነካቸው። ኤሊየሰር ሟች ልጃቸው የተወችላቸው ብቸኛ ልጅ ነው፤ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት። ባለፈው ዓመት ከሩጫው በኋላ ለሳምንት አላናገሩትም ነበር። ነገር ግን ሽማግሌ በአንድ ምት አይወድቅም፤ ሙሽራ ካልታዘልኩ አላምንም አለች ይባል የለ።

«ዕውቀትሽ ሁሉንም አወቀ እንበል። ይህን ኮቴስ?» አሉ በሹክሹክታ። «ስወጣ ከኋላዬ ይመጣል። ስቆም ይቆማል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ።»

ሚግዳልያ ተነሳች። ጫማዋን አጥብቃ ወደ ታች ሃያ እርምጃ ያህል ወረደችና መሬቱን እየመታች ወጣች። ኮቴዋ ድንጋዩን መትቶ ከኋላዋ ተከተላት። ቆመች፤ ቆመ። «ድንጋዩ ነው የሚመልሰው። ሳቃችንን እንደመለሰው።»

ዶን ኡልፒያኖ ደስ አላላቸውም። ሠላሳ ዓመት የፈሩትን ነገር በሃያ እርምጃ ሲነጥቋቸው ሰው ደስ አይለውም። «እሺ፤ ኮቴው ድንጋይ ይሁን። እኔ ግን አይቼዋለሁ።»

«ዳገቱ የተጠራበትን ዲዳ?»

«በእነዚህ ዓይኖቼ። የመጨረሻ የሮጥኩ ዓመት እዚችው መታጠፊያ ላይ ቆሞ ነበር። ነጭ ካናቴራ ለብሷል። አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ የለውም። እጁን ወደኔ ይዘረጋል። ከዚያ ቀን ወዲህ አልሮጥኩም። ዲዳውን አንዴ ያየ ይመለሳል፤ ሁለቴ ያየ አይመለስም። ሰው የሚወድቀው እሱ ሲጠራው ነው።»

ልጅቱ ፊቷ ተለዋወጠ። በመዳፏ የጃንጥላውን እጀታ ደጋግማ አሸች። «አንድ ነገር ልነግርዎ ነው። ለእርስዎ እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር። ኤሊየሰር አምና አይቶታል።»

ሽማግሌው ከተቀመጡበት ተነሱ። አንዲት እንሽላሊት በድንጋዩ ላይ ሮጣ ጠፋች።

«የት?»

«እዚሁ። እጁን ዘርግቶ።»

«አይሮጥም!» ብለው ጮኹ። «ዘንድሮ አይሮጥም! አልጋ ላይ አስሬ አውለዋለሁ!»

«ተስሏል እኮ። ለእናቱ ነፍስ በቅድስት ሩፊና ፊት ተስሏል። ስለት አፍርስ ይሉታል? እርስዎ ይሉታል?»

አይሉትም። ዶን ኡልፒያኖ በዕድሜያቸው ስለት ያፈረሰ ሰው ሲመቸው አላዩም፤ ልጁም ከእሳቸው የወረሰው ግትርነት አለው፤ ቢያስሩትም አልጋውን ተሸክሞ ይሮጣል። እንባ ዓይናቸውን ሞላው። ፈርተዋል፤ የፈሩትም ለራሳቸው ስላልነበረ ሊደብቁት አልቻሉም።

ሚግዳልያ የተዘጋጀ መልስ ነበራት። ሙቀት አንጎል ላይ ሲወጣ ሰው የሌለ ነገር እንደሚያይ ልትናገር አፏን ከፈተች። የሽማግሌውን ፊት አየችና ተወችው። ይልቅ ሌላ ጥያቄ ጠየቀች።

«ዲዳው ማን ነበር?»

«ክሪስፒን ነዋ። የመጀመሪያው ዓመት ነው። አብረን ሮጠን ነበር፤ እኔ ሁለተኛ ወጣሁ። እሱ እዚህ ወደቀ። መንገዱ ዳር ሰው ሞልቶ ነበር፤ ለበዓሉ በረዶና ሎሚ የጫነ መኪና ራሱ እዚህ ቆሞ ነበር። እግዜር ይስጣቸው፣ ማንም ጠብታ አላቀመሰውም። ገላው እሳት ነበር፤ ቢጠጣ ኖሮ ምች ይመታው ነበር።»

«ከምቹ አዳኑት።»

«አዳኑት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሞተ።»

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸው ሰሙት። ሠላሳ ዓመት ሲናገሩት እንደዚህ ሰምተውት አያውቁም።

«እኔ አደባባዩ ላይ ስጨፍር ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ጥብጣቡን ጠቅልለው አነሱት። እሱ ገና አልገባም ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ጥብጣቡ አይወርድም ያልኩት።»

«እጁን ሲዘረጋ እንዴት ነው የሚዘረጋው?»

«እንዴት ማለት?»

«ያሳዩኝ።»

ዶን ኡልፒያኖ እጃቸውን ዘረጉ። መዳፋቸው ወደ ሰማይ፣ ጣቶቻቸው የተገጣጠሙ፣ መካከሉ ጎድጎድ ያለ።

«ኤሊየሰርም ልክ እንደዚህ ነው ያሳየኝ» አለች።  «የክርስትና አባቴ፣ ሰው ሲጠሩ መዳፍ ወዴት ነው?»

«ወደ ታች።»

«ሰው ሊይዙ ሲሉስ ጣት ይገጥማል?»

«አይገጥምም። ይከፈታል።»

«ታዲያ ይህ እጅ ምን ይላል?»

ሽማግሌው የራሳቸውን እጅ እንደ ባዕድ እጅ አዩት። ከግንባራቸው አንዲት የላብ ጠብታ ወርዳ መዳፋቸው መካከል አረፈች። እጃቸውን አላነሱም።

«ውሃ» አሉ።

«ምላሱ ከላንቃው የተጣበቀ ሰው ምን ብሎ ይናገር? ዲዳ ነው አላችሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሯጭ ሁሉ ፊት እየቆመ ይለምናል፤ ሰው ሁሉ ይሸሸዋል። ውሃ የያዘ ሰው በዚህ ዳገት አልፎ አያውቅማ፤ እርስዎ ከልክለዋል።» ሚግዳልያ ይህን ስትናገር የክንዷ ፀጉር ቆሞ ነበር፤ ሽማግሌው አዩት። እሷ ስለ መለኪያዋ ልታወራ ነበር የመጣችው። አሁን ግን የምትናገረው የራሷ ቃል አይመስልም ነበር።

ሁለቱም ወረዱ። ከኋላቸው ኮቴ ተከተላቸው፤ የራሳቸው ኮቴ ነው፣ ድንጋዩ ነው የሚመልሰው። ቢሆንም ማናቸውም አልዞሩም።

በማግስቱ የበዓሉ ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ ጓዳ ተሰበሰቡ። ዶን ኡልፒያኖ ሰዓቱ ይቀየር ሲሉ መጀመሪያ የሳቁ ነበሩ፤ ቀልድ መስሏቸው። የምስሉን ዑደት የሚመሩት ዶኛ ኤዱቪና ግን አልሳቁም።

«ቅድስቲቱ ለሯጭ ብላ ማልዳ ትነሳ? ጉድ ፈላ!»

«ብትነሳ ምን ትሆናለች? እንቅልፍ የምትወጂው አንቺ ነሽ እንጂ እሷ አይደለችም» አሏቸው ዶን ኡልፒያኖ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። «ድሮ አያቶቻችን ጎህ ሲቀድ መቁጠሪያ ይዘው ምስሏን ያዞሩ አልነበረም? ወደ እሱ ነው የምንመለሰው። ሯጮቹን ባርካ ትሸኛቸው።»

«ውሃውስ? ምቹስ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

ዶን ኡልፒያኖ ቆሙ። «በምች የሞተ ሯጭ ያያችሁ ስሙን ጥሩልኝ።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ የአክስቱን ባል አነሳ፤ እሱ ግን ሯጭ አልነበረም፣ ልብስ ሰፊ ነበር።

«በጥም የሞተስ? እኔ ስም አለኝ።» እጃቸውን ዘረጉ፤ መዳፉ ወደ ላይ፣ ጣቱ ተገጣጥሞ። በዚያ ጓዳ ውስጥ ዲዳውን አይተው ያልተናገሩ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው አማተበ። ዶኛ ኤዱቪና እንኳ ደግመው አልተከራከሩም።

የበዓሉ ቀን ሰማዩ ገና ግራጫ ሳለ ምስሏ ወጣች። ከተራራው ወደ ባሕሩ የሚወርደው የማለዳ ነፋስ ሻማዎቹን አርገበገበ፤ ሯጮቹም ጀርባቸውን እየገፋቸው ተነሱ። ባሕር ዳሩ ፀጥ ብሎ ነበር። በየመንደሩ ልጃገረዶች ባልዲና ስፖንጅ ይዘው ቆሙ። መታጠፊያው ላይ ግን ሌላ ሰው አልቆመም፤ ዶን ኡልፒያኖ ብቻቸውን ቆሙ፣ ውሃ የሞላ በርሜል አጠገባቸው፣ ቅል በእጃቸው።

ኤሊየሰር ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ኮቴው ቀድሞት ተሰማ። ሽማግሌው ቅሉን ከበርሜሉ ሞሉት። ልጁ ወደ መታጠፊያው ሲቀርብ ዓይኑን ወደ ድንጋዩ ጣለ፤ ማንን እንደሚፈልግ ሽማግሌው ያውቃሉ።

«ወዲህ እየኝ! እኔን እየኝ!» ብለው ጮኹ። «ጠጣ!»

«አባባ? ምቹስ?»

«ምቹ ገደል ይግባ! ጠጣ አልኩህ!»

ልጁ ጠጣ፤ የተረፈውን ራሱ ላይ ደፋውና እየሳቀ ታጠፈ። ዶን ኡልፒያኖ አፉ ሳይጣመም መሄዱን እስኪሰወር ድረስ ተከትለው አዩ።

በሁለት ሰዓት ከሠላሳ አራት ደቂቃ ገባ። ያው ዳገት፣ ያው እግር። ከእሱ በኋላ የገቡትም እንደዚያው ከአምናው እጅግ ቀድመው ገቡ፤ ማንም አልወደቀም፣ ማንም በቃሬዛ አልመጣም። ሐኪሙ ሥራ ፈትቶ የተጠበሰ የዓሣ ቂጣ ሲበላ ዋለ። እናቶች በየበሩ ቆመው አላለቀሱም። አምና ሰነፍ የተባለው ሁሉ ዘንድሮ ቀና ብሎ ሄደ፤ የሰነፈው እሱ ሳይሆን ሰዓቱ እንደነበር አውቋልና። ከልማድ ያገኘነውን ሁሉ ጣሉት የሚል ሰው ሞኝ ነው። ዶን ኡልፒያኖም ጥብጣቡን የመጠበቁን ልማድ አልጣሉትም። ነገር ግን ልማድ ሰው ሲጎዳ እያየን «የአባቶቻችን ነው» ብለን መቆም፣ አባቶቻችንንም በበደል መክሰስ ነው። ቢያውቁ ኖሮ ይለውጡት ነበር። የተማረ ሰውም ያልተማረውን ከመስደቡ በፊት የሚፈራውን ነገር ቀርቦ ይስማው፤ መልሱ እዚያው ፍርሃቱ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ሯጭ፣ የዳቦ ቤቱ ወፍራም ባለቤት፣ ረፋድ ላይ በጭብጨባ ገባ። ሰዎቹ ጥብጣቡን ሊጠቀልሉ ሲሉ ዶን ኡልፒያኖ ከለከሉ።

«አይወርድም። አንድ ቀርቷል።»

«ማን ቀረ? ሁሉም ገቡ እኮ!»

«አንድ ቀርቷል አልኩ። ሚግዳልያ፣ አንዱን ጫፍ ያዢ። ኤሊየሰር፣ አንተ ሌላውን።»

ፀሐይ መታቸው ብለው ሰዎች ተንሾካሾኩ። ሁለቱ ግን ያዙ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ሩጫው ድሮ በሚነሳበት ሰዓት፣ ሽማግሌው በጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘው በእርሻው በኩል ዞረው ዳገቱን ከግርጌው ብቻቸውን ወጡ። ከተማው ሁሉ በጥላ ሥር እየበላ ነበር። ስንጥቁ ውስጥ አየሩ ቆሟል። ኮቴ ተከተላቸው። «ድንጋዩ ነው» አሉ ለራሳቸው። ቆሙ፤ ቆመ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ላብ በጀርባቸው ይወርድ ነበር፤ ገላቸው እሳት ሆኗል። ጣሳውን አንስተው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወታቸው በዚያ ሙቀት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጡ። ጠበቁ። አፋቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። ቦታው ላይ ነው። ለብቻቸው ሳቁ፣ ከዚያም ወዲያው አለቀሱ፤ አንድ ጉንጭ ውሃ ብቻ ነበር እኮ የፈለገው።

የተረፈውን ውሃ ድንጋዩ ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ።

ኮቴ መጣ።

ዶን ኡልፒያኖ እግራቸውን አዩ። ሁለቱም እግራቸው መሬት ላይ ነበር፤ አልተንቀሳቀሱም። ኮቴው ከታች እየወጣ ቀረበ፣ የደከመ፣ የሚጎተት። አጠገባቸው ሲደርስ ቆመ። ቀና ብለው አላዩም፤ ድፍረቱ አልነበራቸውም። አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ ጠጥቶ «እፎይ» ለማለት የሚፈጅበትን ያህል ጊዜ ፀጥታ ሆነ። ከዚያ ኮቴው ተነሳ። አሁን የሚጎተት አልነበረም። አልፏቸው ሄደ፣ ታጠፈ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ በቁልቁለቱ ወደ አደባባዩ እየፈጠነ ወረደ።

«በርታ!» አሉ ሽማግሌው፣ ለሯጭ ሁሉ እንደሚሉት።  «በርታ ወንድሜ! ደርሰሃል!»

ጣሳውን ሳያዩ ተነስተው በቀስታ ተከተሉ። አደባባዩ ሲደርሱ ሚግዳልያና ኤሊየሰር ግራና ቀኝ እንደቆሙ ነበሩ፤ ሁለቱም ፊታቸው ነጭ ሆኗል፣ እጃቸው ባዶ ነው። ጥብጣቡ ከእነሱ ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ መሬት ላይ ወድቋል። የሯጭ ደረት የወሰደው ጥብጣብ እንደሚወድቀው።

ሽማግሌው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቀና ብለው ባንዲራውን አዩ። ባንዲራው በዘንጉ ላይ ተጣብቆ ተንጠልጥሏል።

«አንቺ የአየር አዋቂ» አሏት። «ነፋስ ነበር?»

ሚግዳልያም ቀና ብላ ባንዲራውን አየች። «ነፋስ አልነበረም፣ የክርስትና አባቴ።»

ዶን ኡልፒያኖ ጎንበስ ብለው ጥብጣቡን አነሱ። አቧራውን አራግፈው በቀስታ ጠቀለሉት።

«እንግዲህ ሁሉም ገብቷል» አሉ። «ኑ፣ እንብላ።»